አርብ አርብ የምታነክስ መኪና

ባለፈው ሳምንት ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ስንሄድ መኪናችን አነከሰች። ጎማ ተነፈሰ ማለቴ አይደለም፤ ያነከሰው ሞተሯ ነው። ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ በቃኝ ብሎ ቁጭ ሲል፣ የቀሩት ሦስቱ እየተንገዳገዱ ሲጎትቱ፣ መሪው እጅ ላይ ሲንዘፈዘፍ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ጧ የሚል ነገር ሲሰማ፣ ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ እኔ አነከሰች እላለሁ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጄ ብርቱካን በስልክ ያለችኝን ሁሉ አስደግማታለሁ። ይቺን ግን ከመጀመሪያዋ አወቅኋት። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ትኩስ ብረት ላይ ውኃ ጠብ ሲል የሚሸተው ሽታ። ባለቤቴ ይታይሽ አጠገቤ በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የምንሄደው ለሐኪም ቀጠሮ ነበር። ይታይሽን ልቧ ያስቸግራታል። ደህና ቁጭ ብላ ባቄላ ስትፈለፍል ልቧ ድንገት ዘለል ትልና ትቆማለች፤ ከዚያ ያመለጣትን ልትደርስበት ይመስል እየተጣደፈች ትመታለች። ፊቷ አመድ ይለብሳል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ይተዋታል። ይዣት ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን ምንም የለም! ሐኪሙ አዳምጦ «ደህና ነዎት እናቴ» ይላታል፣ በመጣንበት እንመለሳለን፣ ገና የግቢያችንን በር ሳንዘጋ ይጀምራታል። በመጨረሻ ደረት ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊት ልብ የሚያዳምጥ መሣሪያ እንዳለ ነገሩንና ወረፋ ያዝን። ወረፋው የደረሰው ለዚያ ቀን ነው። ያቺ ቀን ካለፈች ሌላዋ መቼ እንደምትመጣ እግዜር ይወቅ፤ እኛ ደግሞ ጊዜ የተረፈን ሰዎች አይደለንም። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲጨናነቅ ይብስባታልና በገዛ መኪናችን እንሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና መንዳት ደክሞኛል። ጉልበቴ ፍሪሲዮን በረገጥሁ ቁጥር ይጮሃል፣ ቤንዚን ለመቅዳት ከባጃጆች ጋራ ተሰልፎ መዋል ደክሞኛል፣ ልጆቹ በጥሩምባ «ጋሼ ዳር ያዙ» ሲሉኝም ደክሞኛል።

ከጉና ተራራ ሥር፣ ጉሙ ገና ካልተነሣበት አንድ ሜዳ ዳር አውጥቼ አቆምኋት። ወርጄ ኮፈኑን መክፈት ሲገባኝ እጄን መሪው ላይ ጥዬ ቁጭ አልሁ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ በዚያች ሽታ ተስቤ የድሮዋ ንፋስ መውጫ ላይ ደርሻለሁ።

ዘመኑን አትጠይቁኝ። አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው መቀመጫውን ሲያደላድል የነበረበት ጊዜ ነው፣ ይኸ ይበቃል። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ስሙኒም ስሙኒ ነበረች። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ ቴፑን መስኮት ላይ ታስቀምጠውና ክራሩም መሰንቆውም ለመንገደኛው ሁሉ ይደርስ ነበር። ካሴቱ ሲላላ በስክሪብቶ ያጠነጠንሁላት ብዙ ጊዜ ነው። አንዷን ዘፈን በተለይ፣ «አልመጣም ብሎ ቀረ» የሚል ነገር ያለባትን፣ ደጋግማ ደጋግማ ስታስኬዳት መሐሏ አለቀና ዘፋኙ እዚያ ቦታ ሲደርስ እንደ ሰከረ ሰው ይንተባተብ ነበር፤ እኛም ከነመንተባተቡ አብረነው እንዘፍናለን። ከተሜ ነኝ ያለ ወንድ ቴትረን ሱሪ ይለብሳል፣ ባላገሩ ካኪ ቁምጣውን ከጋቢው ሥር። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ላይ ሲሮጥ ቸፕ ቸፕ የሚለው አሁንም ይሰማኛል። ብርዱስ ያው ነው፤ ብርዱን ማንም አልነካብንም።

መኪናዋን ያን ሰሞን ገዛኋት። ጥማድ በሬዬንና በቅሎዬን ሸጬ፣ የባሕር ዛፉን ሁሉ አስቆርጬ ነው የገዛኋት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በሬ የሸጠ ሰው ብረት ሊያርስለት ነው ወይ ብሎ አንድ ወር ሙሉ አላናገረኝም። ሰማያዊ ፒክአፕ ናት፤ ያን ጊዜም አዲስ አልነበረችም። ከኋላ የጣውላ አግዳሚ አስመታሁላት፣ ሸራ አለበስኋት፣ ከዚያ በኋላ ያልጫነችው የለም። ድንች፣ ጨው፣ የቢራ ገብስ፣ ሙሽራ፣ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ፣ ለንግሥ የሚሄድ ካህን ከነከበሮው። ሲጠሩኝ ስማዳም እስቴ መካነ ኢየሱስም እሄድ ነበር፤ የቤታችን እንጀራ ግን አርብ ናት። አርብ ጠዋት ከንፋስ መውጫ ሰውና ዕቃ ሞልቼ ወደ አርብ ገበያ እወርዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እህሉን ጭኜ እመለሳለሁ። አንድ አርብ የቀረ ሹፌር በሚቀጥለው ሳምንት ደንበኛውን ሌላ መኪና ላይ ተቀምጦ ነው የሚያገኘው።

ይታይሽ መኪናዋን አልወደደቻትም። ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ጨጨሆ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሬሳውን በጭነት መኪና ነው ያመጡላቸው። ስለዚህ እኔ ሞተር ባስነሣሁ ቁጥር እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። አትሂድ ብላኝ አታውቅም፤ በሬው የለ፣ ምን እንበላለን ትበል? ዝም ብላ አርብ አርብ ከንጋት በፊት መድኃኔዓለም ትሳለምና በጠርሙስ ጠበል ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ቁርስ ስቀምስ ኮፈኑ ላይ ረጨት ረጨት ታደርጋለች። ይህን አውቃለሁ፣ ደስም ይለኛል። ጠበል የጠላ ማን አለ?

መጀመሪያ ያነከሰችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የጉና ጉም ከተማውን ውጦት ነበር፤ ገና ከከተማ ሳንወጣ ትንዘፈዘፍ ጀመር። እንደ ምንም አርብ ገበያ ደረስሁ። በማግሥቱ ደህና ናት። በሚቀጥለው አርብ ደግሞ አነከሰች፤ በዚያኛውም። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ ጉሙ ሄደ፤ በሽታዋ ግን አልሄደም። ጉድ እኮ ነው፤ ጠዋት ቁልቁለቱን ስትወርድ ስትነጫነጭ የነበረችው መኪና፣ ከሰዓት በኋላ ያን ሁሉ እህል ተሸክማ ዳገቱን እንደ ሙሽራ በቅሎ እየሰገረች ትወጣዋለች። ሰኞ ብትሉ ማክሰኞ ደህና፣ አርብ ጠዋት በሽተኛ። አንዳንዴም እስቴ ሊወስደኝ ሰው ቀጥሮኝ ስነሣ ያው ናት። ድንገት «ና አንድ ጭነት አለ» ብለውኝ ካለሁበት ስነሣ ደግሞ ምንም የላትም።

መካኒክ አብዱ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። ጋራዡ ጣራ የለው፣ ግድግዳ የለው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ግራር ሥር ነው። ጥርሱ ላይ ክብሪት እንጨት ይዞ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሞተሩ ውስጥ ጭንቅላቱን ይከትና ሰው ሲያወራው አይሰማም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አወጣ፤ ጥቀርሻቸውን ፈግፍጎ መለሳቸው። አልዳነችም። ካንዴላ ይቀየር አለ፣ ተቀየረ። እሳቱን የምታስፈነጥረውን ፑንቲና በብርጭቆ ወረቀት ሞረደ። ካርቡራቶሩን አውርዶ በቤንዚን አጠበ። ቤንዚኑ በበርሜል ስለሚመጣ ውኃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ በነጠላ ቅዳጅ አጠለለልኝ። ከነዳጅ ማጠራቀሚያው እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በአፉ እፍ እያለ ጠረገ፤ ቤንዚን ጠጥቶ ሲያስለው ዋለ። አርብ ደረሰ፤ አነከሰች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኔ ለአብዱ የማሳየው ከገበያ ተመልሼ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደህና ናት። እሱም አስነሥቶ ያዳምጣታል፣ ነዳጅ ይሰጣታል፣ እሷ እንደ ንብ እምም ትላለች። ሁለት ሌሊት እሱ ጋ አሳደርኋት፤ ሁለቱንም ጠዋት አንዴ በቁልፍ ተነሣች። አብዱ ክብሪቱን ከዚህ ወደዚያ አገላብጦ፣ እኔ ጋ ስትሆን አያማትም፣ መኪናዋን ትቼ አንተን ልመርምርህ እንዴ አለኝ። ሳቅሁ እንጂ ሆዴ አልሳቀም።

ሰው ያላለው የለም። አንዱ ቡዳ በላት ይላል። አንዱ ሬሳ ስለጫነች ነው ይላል። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ መስታወቷ ላይ ቀይ ክር አሰረችልኝ። እየቆየ ግን ወሬው ወሬ ብቻ መሆኑ ቀረ። መንገድ ላይ ቀጥ ትልብኛለች፤ ሰዉ ይወርዳል፣ ይጠብቃል፣ ይረግማል፣ በእግሩ ይሄዳል። አርብ በአርብ አግዳሚው እየሳሳ መጣ። ቤት ስገባ ለይታይሽ ያው የዕለቱን በሽታ እነግራታለሁ፤ እሷም ከንፈሯን ትመጥጣለች። ከደብረ ታቦር አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ መኪናዋን ፈታትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ ነው። መንዳት ሳይሆን መፍታት! አላደርገውም ብዬ መለስሁት፤ ሁለተኛ ሲልክብኝ ግን አሰብሁበት። በሬዎቹ ሄደዋል። ብርቱካን ጡት ትጠባለች። ለራሴ፣ የፊታችን አርብ ካነከሰች ለሰውየው እሰጣታለሁ፣ የሰው በሬ ይዤ እኩል አርሳለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ለይታይሽም ነገርኋት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ያን አርብ ቁርሴን ቀምሼ አንድ ጆንያ ላመጣ ጎረቤት ሄድሁ። ሰውየው ስላልነበረ ቶሎ ተመለስሁ፤ በጓሮው በኩል። ይታይሽ ድንጋይ ላይ ቆማለች። አጭር ናት፣ አትደርስም። ኮፈኑን ከፍታ በትከሻዋ ደግፋዋለች፤ በአንድ እጇ ጠርሙሱን ይዛ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ታጠምቀዋለች። ረጨት ረጨት አይደለም፤ ይወርዳል። እያንዳንዱን ብረት እንደ ሕፃን ራስ በመዳፏ እየዳበሰች «አምላኬ» አለች፣ «ብረቱን እንደ ፈለግህ አድርገው። ሰውየዬን ግን መልስልኝ።»

እንደ ቆምሁ ቀረሁ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ አርቡ፣ ጠዋቱ፣ የቀጠሮ መንገዱ፣ አብዱ ጋ ስታድር መዳኗ፣ ኮፈኑ ላይ አይቼ ጤዛ ነው ያልሁት እርጥበት። ኋላ የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበቡ እየሳቁ እንዳጫወቱኝ፣ ይታይሽ መኪናዋ መታመሟን ከሰማች በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ሳትነግር «ጠበል የት ላይ ነው የሚፈሰው አባቴ» ብላ ጠይቃቸው ነበር። እሳቸው የሰው ሕመም መስሏቸው «የታመመው ቦታ ላይ ነው እንጂ ልጄ፤ ጤነኛውን ምን ያደርግለታል» አሏት። እሷም ኮፈን መክፈት ተማረች። እኔ ዛሬም አመማት ስላት ጨመረች፤ እሷ በጨመረች ቁጥር መኪናዋ ባሰባት። አንዴ በጉም የጀመረውን በሽታ በጠበል ስናስታምመው ከርመናል።

ወደ ኋላዬ ተመለስሁ። አጥሩ ጋ ደርሼ እንደ ሽማግሌ ጮክ ብዬ ሳልሁ፤ ኮፈኑ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ገብቼ በይ ደህና ዋይ አልኋት። በሰላም ያግባህ አለችኝ። መንገድ ላይ ሲጠብቀኝ የነበረውን ገበያተኛ ጭኜ፣ እያነከስሁ፣ ቀጥታ አብዱ ጋ ሄድሁ። በሽታዋን ይዛ ሐኪሟ ፊት ስትቀርብ የመጀመሪያዋ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ገና አንገቱን ሲያስገባ ክብሪቱን ተፋ። ከቦቢናው የመጣውን እሳት ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍል አንድ ጥቁር ክዳን አለ፤ አወለቀው፣ ውስጡን በእጅጌው አደረቀው፣ ወደ ፀሐይ አዞረው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ደረቅ ስትሆን ምንም አትል፤ እርጥበት ሲገባባት እሳቱ መንገዱን ትቶ በእሷ በኩል ይፈሳል። ሞተሩ ሲግል ትደርቃለች፣ መኪናዋም ትድናለች።

ከየት መጣ ይኸ ሁሉ ውኃ አለኝ። ነገርሁት። አልሳቀም። ክዳኑን መልሶ በእጅጌው እየጠረገ «በእምነታችሁ እኔ አልገባም» አለኝ። «ውኃ ግን ውኃ ነው። ይቺ ስንጥቅ ጠበልና ዝናብ አትለይም። ንገራት።»

«አልነግራትም» አልሁት። «መኪናዋን ያሳመምሁ እኔ ነኝ ብላ ዕድሜዋን ስታዝን ትኑር? ደግሞስ እኔ ስሄድ ምን ይዛ ትቀመጥ?»

እንዲያ ያለው ክዳን ንፋስ መውጫ አይገኝም፤ ደብረ ታቦርም አስጠይቀን አልተገኘም። አብዱ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ፣ አንድ ቁራጭ ቆረጠ፣ ለካንዴላ ገመዶቹ ማለፊያ በሳ፣ ክዳኑን እንደ ቆብ አለበሰው። ውኃ ከላይ ቢወርድ በጎማው ላይ ተንሸራትቶ ይሄዳል። ተሳፋሪው እየተነጫነጨ፣ አብዱ ከቆርቆሮ ውኃ ቀድቶ ጎማው ላይ ገለበጠበት። ሞተሩ አልተነቃነቀም። ያን ቀን አርብ ገበያ የገባሁት እየዘፈንሁ ነው፤ ያችኑ የምትንተባተበዋን ዘፈን።

ከዚያ ወዲያ አላነከሰችም። ይታይሽ ማፍሰሷን አልተወችም፣ እኔም አርብ አርብ አጥር ጋ ስደርስ መሳሌን አልተውሁም። እሷ ለካ ተስላ ኖሯል፤ በዓመቱ ለመድኃኔዓለም ንግሥ ቀይ ከፋይ ዣንጥላ፣ ዘርፉ ወርቅማ፣ ይዛ ገባች። ሴቱ እልል አለ። ጠበሉ መኪና ፈወሰ ተብሎ አገር ሰማ። ከሌላ ቀበሌ ሁሉ ወፍጮ ሞተር የታመመበት እየመጣ ይታይሽን ይጠይቃት ነበር። በንግሡ ማግሥት አብዱ መንገድ ላይ ያዘኝና፣ የናንተ ዣንጥላ እልል ተባለለት፣ ለእኔ የጎማ ዣንጥላ ማን እልል ይበልልኝ አለኝ። እኔ እልል ልበልልህ አልሁትና ሳቅ ያዘኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እኛ ግን መድኃኒቱን ደብቀን ኖርን።

ዘመኑ ሄደ። አስፋልት መጣ፣ ሚኒባስ መጣ፣ ሻይ ቤቷ ፈርሳ ቦታዋ ላይ ፎቅ ቆመ። ቴፑ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ብርቱካን አድጋ ባሕር ዳር ተዳረች። መምሬ ጥበቡ አረፉ። አብዱም ሳንባው ታሞ አረፈ፤ ቤንዚኑ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። አሁን ግራሩም የለም። ዛሬ ያሉት ልጆች መኪናን በስልክ ነው የሚመረምሩት፤ ገመድ ይሰኩባታል፣ በሽታዋን ራሷ ትናገራለች። የእኔዋን ሲያዩ ይስቃሉ፤ መሰኪያ የላትማ። እኔም ገበያውን ከተውሁ ቆየሁ፤ አልፎ አልፎ ለቤት ጉዳይ ነው የማስነሣት። ሞተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ያየሁት መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ዘይቱን አይቼ እዘጋለሁ። ያ ጎማ ሁሉም ነገር ቅባት ሲለብስ እሱ ንጹሕ ሆኖ ይታየኝ ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

እንግዲህ ያን ሁሉ ዞሬ ተመልሼ ከጉና ሥር ነኝ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ክዳኑ ላይ ውኃ ተንጠባጥቧል። ጎማው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ወደ ይታይሽ መስኮት ሄድሁ። እስከ ሽንት ቤት እንኳ ሰው ደግፏት ነው የምትሄደው።

«ጠዋት ተነሥተሽ ነበር?» አልኋት።

«ተነሣሁ። ግድግዳ እየያዝሁ።» ከጋቢዋ ሥር የፕላስቲኩን ጠርሙስ አወጣችና አሳየችኝ፤ ግማሽ ይሆናል። «ጎማው ማለቁን አላየሁም፣ አያሌው። ድሮ በእጄ ዳስሼ አውቀው ነበር፤ ዛሬ እጄም አልታዘዝ አለኝ።»

«የምን ጎማ?» አልሁ። ለምን እንዲያ እንዳልሁ አላውቅም፤ ልማድ ነው።

«ወይ አንተ ሰውዬ! ጎማ ይህን ሁሉ ዘመን ይኖራል? ሹፌር ነኝ ትላለህ ደግሞ። ባለቀ ቁጥር ማን የቀየረው መሰለህ?»

እየደከማት፣ እያረፈች ነገረችኝ። አብዱ ክዳኑን ጎማ ካለበሰው በኋላ በመጣው አርብ ኮፈኑን ስትከፍት ጎማውን አየች። ውኃው በላዩ ሲንሸራተት አየች። ወዲያው ገባት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ የቤቴን እንጀራ በገዛ እጄ ላጠፋ ነበር ብላ። ከዚያ አጥሩ ጋ ስስል ሰማችና ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ጎማው ያረጀ ጊዜ አብዱ ጋ በምስጢር ሄደች፤ እሱም ምንም ሳይጠይቅ በዚያው ልክ ቆርጦ፣ በስቶ፣ ሰጣት። ደግሞ ሲያልቅ ደግሞ ሰጣት። አብዱ ሲታመም ራሷ ቆረጠች። አይ አብዱ! የእኔንም የእሷንም ይዞ፣ በየቀኑ ሻይ አብሮኝ ሲጠጣ ኖሮ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ነው የሄደው። ዝም አይነቅዝም ማለት ይኸ ነው።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?» አልኋት።

«አንተ ዝም ካልህ እኔ ምን ልበል? ዣንጥላውን ለመኪናዋ ያገባሁት መሰለህ? ባሌ በሰው ፊት ሳያሳፍረኝ ስላሳለፈኝ ነው።»

«ማፍሰሱንስ ምነው ያን ጊዜ አልተውሽው?»

«ለሞተሩ መቼ አፈሰስሁና» አለች።

እንባዬ መጣ። ሽማግሌ በአስፋልት ዳር ሲያለቅስ ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉ አለፉ። ወደ ሞተሩ ተመልሼ የተረፈውን ጎማ አነሣሁ፤ ክዳኑን አወለቅሁ፣ ውስጡን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት፣ ግለቱ እንዲያደርቀው ራዲያተሩ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። ጉሙ እየተነሣ ነበር። ሰዓቱ ገና አላለፈም፤ ከተንቀሳቀስን እንደርሳለን። ክዳኑን መልሼ አሰርሁት፣ አስነሣኋት፤ አንድ ሁለት ጊዜ አነከሰችና ተስተካከለች። ሞተሩን እንደ ተነሣ ትቼው በይታይሽ በኩል ሄድሁና በሩን ከፈትሁ። ልቧ ጀምራት ነበር፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ያን አመድ ፊቷን ይዛ ተቀምጣለች። ጠርሙሱን ከጭኗ ላይ አነሣሁት።

«ለመንገዱ ይሁንህ፣ ተወው» አለችኝ።

«ጠበል የታመመው ቦታ ላይ ነው የሚፈሰው» አልኋት።

በእፍኜ አፈሰስሁና ጋቢዋን ገለጥ አድርጌ ደረቷን አራስሁት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ደንገጥ አለች። በመዳፌ ሥር ልቧ ስትዘል፣ ስትቆም፣ ስትጣደፍ ተሰማኝ። እስክትረጋጋ ድረስ እጄን አላነሣሁም። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁና ተነሣን። መኪናዋ መንገድ ላይ ታነክስ አታነክስ አላውቅም፤ ደብረ ታቦር እስክንገባ ድረስ ጆሮዬ ይታይሽ ላይ ነበር።